በመስከረም የተነሳ ፎቶ በሚያዝያ ሲከሰኝ

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ደንበኛዬ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ብቅ በል» አሉኝ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ረጋ ብለው የሚጠሩ እናት ጉዳያቸው ከባድ ነው።

ቤታቸው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ስደርስ ቡና ተፈልቷል፤ እኔ ግን ቁጭ በል አልተባልኩም። ስልካቸውን አወጡና አንድ ፎቶ ከፈቱ። የእኔው ፎቶ ነው። ግቢያቸውን በመስከረም ሠርቼ ስጨርስ አንስቼ ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩት። ጎንበስ አሉና ስልኩን፣ ፎቶው እንደበራ፣ ሳሩ ላይ አስቀመጡት። ዙሪያው ያለው ሳር ገለባ ሆኗል። ከገለባው መሐል አንዲት አረንጓዴ አራት ማዕዘን ታበራለች።

«ከሁለቱ የቱ ነው ያንተ ሥራ?» አሉኝ።

ምን ልበል? ሁለቱም የእኔ ነው።

ፎቶው እኮ አልዋሸም። ያ ሳር በመስከረም እንደዚያው ነበር፣ ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ ከርሟል። ጎንደር ዋናውን ዝናብ የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በጋ ረጅም ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶ ውስጥ የቀረችው ውሃ ለልብስ ትሁን ለሳር ብሎ የሚከራከር ሰው የለም። እኔ ይህን አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ግን ሳልናገር ፎቶውን ለጠፍኩ፣ እሳቸውም ግቢያቸው ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ እንደሚሆን አምነው ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳዩት ከረሙ።

ግቢ የምታስውቡ፣ ችግኝ የምትሸጡ፣ ድንጋይ የምታነጥፉ ልጆች በውስጥ መስመር «በምን ካሜራ ነው የምታነሳው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በስልክ ነው። ያውም ስክሪኑ ጥጉ ላይ በተሰነጠቀ ሳምሰንግ። ዛሬ የማውቀውን ልጻፍላችሁ፤ የእትዬን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉት። እየቀለድኩ አይደለም። እኛ እጃችን አፈር ነው፣ ኪሳችን አፈር ነው፣ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ከፍግና ከላብ ጋር ነው የሚውለው። ፎቶዎቼ ሁሉ ጭጋግ የለበሱ የሚመስሉበት ጊዜ ነበር። ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ሸሚዙን ሳብ አድርጎ ጠረገውና መለሰልኝ። ሂሳብም አልጠየቀኝም፣ ሳቀብኝ ብቻ። እናንተ ግን እንደሱ ቀጥታ አትጥረጉት። መጀመሪያ እፍ በሉበት፣ አሸዋው ይውረድ፣ ካልሆነ መስታወቱን ይጭረዋል። ከዚያ ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ። የነጠላ ጫፍ አንደኛ ነው።

ቀጥሎ ሰዓት። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳስቼበታለሁ። ሥራ የምንጨርሰው ምሳ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ስንጨርስ እናነሳለን፣ ከዚያ ወደ ምሳ። ጎንደር ላይ ደግሞ ፀሐይ መሐል አናት የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች፣ የቆማችሁበት ጥላ እግራችሁ ሥር ይጠፋል። በዚያ ሰዓት የተነሳ ግቢ ሁለት ቀለም ብቻ ነው ያለው፣ የተቃጠለ ነጭና ጥቁር። ያኔ ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት ሥራዬን ላሳያቸው ስልኬን ብሰጣቸው አገላብጠው አዩና «አበባው የታለ ልጄ?» አሉኝ። አበባው መሐል ላይ ነበር፣ ፀሐይ በልታው።

ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከሰዓት ከ11 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትገባ። በዚህ ሰዓት ብርሃኑ ከጎን ነው የሚመጣው። ከጎን ሲመጣ የድንጋዩ ጠርዝ ይታያል፣ የሳሩ ቁመት ይታያል፣ እያንዳንዷ ቅጠል የራሷን ጥላ ይዛ ትቆማለች። ከተማችን ደግሞ ኮረብታ ላይ ስለሆነች ሁሉም ሰፈር እኩል አይነጋለትም። ጎሃ ኮረብታ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ታች ቀሃ ወንዝ ዳር ገና ጥላ ነው። የግቢውን ጠባይ አስቀድማችሁ እወቁት። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ሲሚንቶ እያቦካሁም ቢሆን፣ ጥላው በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ አያለሁ። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ስለዚህ ከቤቱ በስተሰሜን ያለ ግቢ ቀኑን ሙሉ የቤቱ ጥላ ውስጥ ሊውል ይችላል። በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በታኅሣሥ «ይሄ ግቢ ፎቶ አይወጣለትም» ብዬ የተውኩት ግቢ በሰኔ ሄጄ ሳየው ራሱ አይደለም።

አሁን አንድ የእኛ የጎንደር ችግር ልንገራችሁ። ሌላ ከተማ የሚሠሩ ልጆች በቪዲዮ ሲያስተምሩ አይነግሯችሁም፣ አያውቁትማ።

ድንጋያችን ጥቁር ነው። የፋሲል ግቢን ግንብ እዩት፣ የአጥሩን ድንጋይ እዩት፣ ብዙው ጠቆር ያለ ባዛልት ነው። የእኛም ግቢዎች አጥር በአብዛኛው ከዚያው ዘር ነው። ስልክ ደግሞ ሞኝ ነው። ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ብርሃን ያለው ይመስለዋል። ጥቁር አጥር ሲያይ «ጨልሟል» ብሎ ሁሉንም ያደምቃል። አጥሩ ግራጫ ይሆናል፣ ከአጥሩ ሥር የተከልኩት ነጭ ጽጌረዳ ደግሞ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ የአበባው ቅጠል አይለይ፣ እጥፋቱ አይለይ። እኔ ይህን እስክረዳ ስንት ጽጌረዳ አቃጠልኩ!

መፍትሔው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ጽጌረዳውን በጣታችሁ ንኩት። ትንሽ ክብ ይመጣል፣ ከጎኑ የፀሐይ ምልክት አለች። እሷን ዝቅ አድርጓት። ጽጌረዳው መልኩን ሲያገኝ አቁሙ። አጥሩ ይጨልማል፣ ይጨልም! ጥቁር ድንጋይ ጥቁር ሲሆን ነው የሚያምረው፣ አበባውም ከፊቱ ተነጥሎ ይወጣል። ክቧን ሳትለቁ ጫን ብትሉ ትቆለፋለች፣ ከዚያ ስልኩን ብታንቀሳቅሱም ብርሃኑ አይቀያየርም። ለዚህች ነገር ብቻ ተብሎ አንድ ከሰዓት በኋላ ይቃጠል። ጥቁር ጃኬት አንጥፉ፣ ነጭ ኩባያ አስቀምጡበት፣ ተለማመዱ።

ማታ ማታ የፋሲልን ግንብ ያየ ሰው ደግሞ ሌላውን ነገር ያውቃል። ያ ጠቆር ያለ ድንጋይ ከ11 ሰዓት በኋላ ማር ይመስላል፣ በመስኮቶቹ ዙሪያ ያለው ቀይ ድንጋይ ደግሞ ይግላል። የግቢያችሁም አጥር እንደዚያው ነው። ያን ሰዓት ጠብቁት።

ስለ ግንቡ ካነሳሁ አይቀር አንድ ኑዛዜ። አንድ ጊዜ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ የአበባ መደብ ሠርቼ ነበር፣ ከበስተኋላ ግንቡ ወለል ብሎ ይታያል። እንዴት እንዳማረኝ! ጀራኒየሙን ከፊት፣ ግንቡን ከኋላ፣ ሰማዩን ቀይ አድርጌ ለጠፍኩት። ላይኩ ዘነበ። ከአሜሪካ «አገሬ ናፈቀኝ» የሚል፣ «ጎንደር ጎንደር» የሚል፣ የሚያለቅስ ኢሞጂ፣ ልብ፣ ምን የሌለ ነገር አለ። ሥራ ግን አንድም ሰው አልደወለም። አንድም! ሰው ያየው ግንቡን ነው። ግንቡን ደግሞ የሠራው አፄ ፋሲል እንጂ እኔ አይደለሁም፣ እ.ኤ.አ. ከ1636 ጀምሮ ሲወደድ የኖረ ከተማ የእኔን ጀራኒየም አይጠብቅም።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ለማንም አይረባም ብዬ ያነሳሁት ፎቶ ነበር። ሳሙና በር አካባቢ ዝናብ የሚያጎርፈው ግቢ፣ ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሬ፣ በድንጋይ ለብጬ፣ ከዳሩ የጥብስ ቅጠል ተክዬበት። ሰባት ላይክ አገኘ፣ አንዱ የእህቴ ነው። ሁለት ሰው ግን ደወለ። «የእኔም ግቢ ውሃ ይተኛበታል» አሉ ሁለቱም። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሳነሳ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህን አይቶ «የእኔም ግቢ» የሚል ሰው አለ ወይ?

ይህ ጥያቄ ነው ወደ «በፊት» ፎቶ የሚወስደን። አቤት የ«በፊት» ፎቶ! በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ትልቁ አዘዞ ነው። ግቢው የግንባታ ፍርስራሽ የተከመረበት፣ የሲሚንቶ ከረጢት የተቀበረበት፣ እሾህ የወረሰው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእጅ ጋሪ አፈር አመላለስን። ስንጨርስ የሚያስደነግጥ ነበር። ፎቶ አነሳሁ፣ ለጠፍኩ። አንዱ ከሥር ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ቆንጆ ግቢ ነው፣ አንተ ምን ሠራህበት?» በደንብ ተናደድኩ። ግን ምን ላሳየው? በመጀመሪያው ቀን ዶማ ይዤ ገባሁ እንጂ ስልክ አላወጣሁም።

አሁን ሕጌ ነው። ዋጋ ለመነጋገር ስገባ ከሰላምታ ቀጥሎ ፎቶ። ሥራው ባይገኝም ይነሳል። ግን ዝም ብሎ ማንሳት አይበቃም። «በፊት» እና «በኋላ» ከተለያየ ቦታ ከተነሱ ሰው አያምናችሁም፣ ሌላ ግቢ ነው የሚመስለው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በሥራው የማይነካ ነገር እፈልጋለሁ፣ የበር መቃን፣ የመስኮት ብረት፣ የዛፍ ግንድ። ጀርባዬን ለዚያ እሰጣለሁ፣ ስልኩን ደረቴ ላይ አስጠጋለሁ፣ አነሳለሁ። የካሜራውን መስመሮች ከሴቲንግ ውስጥ አብሩ፣ ከመስመሮቹ አንዱን ከቤቱ ማዕዘን ጋር አጋጥሙት። ስጨርስ የድሮውን ፎቶ በረዳቴ ስልክ ላይ እከፍትና አጠገቤ ያዝልኝ እለዋለሁ። ያው መቃን፣ ያው ቁመት፣ ያው ሰዓት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳደርጋቸው የቤቱ መስኮት አንድ ቦታ ላይ ከዋለ አበቃ፣ ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ ሰፊው ሌንስ። 0.5 የምትለዋ። ተጠንቀቁ። እሷ ለጠባብ ግቢ ፈተና ናት፣ የመኪና ማቆሚያ የምታህል ቦታ ኳስ ሜዳ ታስመስላለች። ዳር ዳር ያለውን ደግሞ ትለጥጠዋለች፣ አጥሩ ይጋደማል፣ ዳር የቆመ ሰው ይንሻፈፋል። አንድ ሰው ፎቶዬን አይቶ ግቢውን ሊያይ ቢመጣ «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ እግሩን አንስቶ በእርምጃ ለካው። አፈርኩ። አሁን በ1 ነው የማነሳው፣ ካልገባልኝ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፣ አጥር ላይ እወጣለሁ፣ የጎረቤት ደረጃ ላይ እቆማለሁ። ራቅ ያለውን ነገር በጣት ስቦ ማቅረብም እንዲሁ ነው፣ አብዛኛው ስልክ ላይ ፎቶውን ቆርጦ ከማስፋት የተለየ አይደለም፣ ቅጠሉ ገንፎ ይሆናል። በእግራችሁ ቅረቡ። የጀርባውን የሚያደበዝዘው ፖርትሬት የሚባለውም ለሰው ፊት ነው የተሠራው፣ የጥብስ ቅጠልና የሳር ጫፍ ላይ ይሳሳታል፣ ግማሹን ቅጠል ከጀርባው ጋር አብሮ ያደበዝዘዋል።

ከማንሳታችሁ በፊት ግቢውን ጥረጉ። ጀሪካን፣ ፌስታል፣ የውሃ ጎማ፣ የሠራተኛ ጫማ፣ አካፋ። ዓይን ያልፋቸዋል፣ ፎቶ ግን አያልፋቸውም። የተሰጣ ልብስ በተለይ! አንድ ጊዜ ሳላስተውል ከአበባው ጀርባ የተሰጣ የውስጥ ልብስ ይዤ ለጥፌ፣ አባወራው በጠዋት ደውለው «አንተ ልጅ ምን ነካህ?» አሉኝ። እንዴት እንደ ነጎድኩ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ሰርዤ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ አንድ ሣጥን ችግኝ ተሸክሜ ሄጄ ነው የታረቅነው።

ድንጋይ ሲረጥብ ቀለሙ ይጎላል፣ ይህ እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ከፎቶ በፊት ያረጥቡታል። እኔ ግን ውሃ በፈረቃ በሚጠበቅበት ቤት ለፎቶ ብዬ ድንጋይ ማጠብ ይከብደኛል። አንድ ጆግ ውሃ በእጄ እርጭ እርጭ አደርጋለሁ፣ ያውም ከፊት ለፊት ያለችውን ብቻ። ወይም ዝናብ እስኪያባራ እጠብቃለሁ።

ክረምትን አትናቁ። ብዙው ሰው ደመና ሲሆን ስልኩን ኪሱ ይከታል። ለአረንጓዴ ግን ከደመና የተሻለ ብርሃን የለም፣ ሰማዩ በሙሉ አንድ ትልቅ ነጭ አቡጀዲ ሆኖ ብርሃኑን እኩል ያወርደዋል፣ ጥላ የለ፣ ነጸብራቅ የለ፣ ቅጠሉ እውነተኛ ቀለሙን ያሳያል። በሐምሌ እኩለ ቀን ላይ ሳይቀር ማንሳት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ሰማዩን ከፎቶው አስወጡት። ነጭ ባዶ ነገር ነው የሚሆነው፣ ዓይን ይሰርቃል። ስልኩን ትንሽ ወደ ታች ዘንበል፣ አለቀ። ጭቃውስ? ጭቃው ይታይ። በጭቃ መሐል ደረቅ የድንጋይ መንገድ ከበር እስከ በረንዳ ከታየ ከእሱ በላይ ማስታወቂያ የለም። በነሐሴ ጫማው ጭቃ ያልነካው የጎንደር ሰው ማነው?

ቅጠል ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ካስቸገራችሁ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ሌንሱ ፊት ያዙና ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ በሆነ አቅጣጫ ላይ ነጸብራቁ ይጠፋል። መነጽሩ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ የስልክ ስክሪን እያያችሁበት አዙሩት፣ ስክሪኑ ከጨለመ ነው። እኔ መንገድ ላይ «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ በገዛሁት መነጽር ግን የጨለመው የእኔ ፊት ነው።

ስለ መላክ አንድ ሁለት ነገር። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ጨምቆ ያሳንሰዋል። ለቻናል ይበቃል። ሰው አሳትሞ ባነር ሊያሠራበት ከፈለገ ግን እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደተነሳ ይደርሳል። ነገር ግን እንደ ፋይል ሲላክ ፎቶው ውስጥ የተቀመጠው መረጃ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ ሰዓቱ፣ የስልኩ ዓይነት፣ የቦታ ምልክት አብርታችሁ ከሆነ ደግሞ የሰውዬው ቤት የት እንደሆነ በትክክል። የደንበኛ ቤት ነው፣ የሰው አደራ ነው። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የቦታ ምልክቱን አጥፉት። የቤት ቁጥርና የመኪና ታርጋም እንዳይታይ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ጠይቁ። «እትዬ፣ ይህችን ፎቶ ብለጥፋት ቅር ይልዎታል?» በሏቸው። አብዛኞቹ ደስ ይላቸዋል። አንዳንዶቹ ዓይን ይፈራሉ፣ «ሰው ዓይን አያሳርፍበት» ይላሉ፣ እሱም መብታቸው ነው፣ አይለጠፍም።

አሁን ወደ እትዬ።

ያን ቀን ስልካቸውን ከሳሩ ላይ አንስቼ ሰጠኋቸውና እውነቱን ነገርኳቸው። ይህን ያህል ሳር በበጋ ያለ ውሃ አይቆምም፣ ሲያዙኝ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፣ አልነገርኩም። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ምን ይቆማል?» አሉኝ። ቡናውም ያኔ ቀረበ።

ሳሩን ሁለት ሦስተኛውን አነሳነው። በቦታው ጠጠር አለበስን፣ በጠጠሩ መሐል እሬት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጀራኒየም። አጥሩ ላይ ቦገንቪላ፣ እሷ ሥር ከያዘች በኋላ ውሃ ብዙም አትጠይቅም፣ እንዲያውም ሲጠማት ነው ደምቃ የምታብበው። ከበረንዳው ፊት ለፊት ብቻ፣ ቁርስ የሚበሉባት ቦታ፣ ትንሽ ሳር ተውን፣ የልብስ እጣቢው የመጨረሻ ውሃ የሚበቃት። የእኔን ጉልበት አላስከፈልኳቸውም። ማስከፈል እንዴት ይቻላል?

ከዚያ ወዲህ ቻናሌ ላይ አንድ ልማድ አለ። የምሠራውን ግቢ ሁሉ ሁለት ጊዜ አነሳለሁ። አንዴ በመስከረም፣ አደይ አበባ በየሜዳው ሲፈነዳ፣ ሁሉም ነገር በሚያምርበት ጊዜ። አንዴ ደግሞ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ ከዚያው መቃን፣ ከዚያው ቁመት። ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የምለጥፈው። ጓደኞቼ «እብድ ነህ፣ የደረቀ ግቢ ለጥፎ ማን ሥራ ያገኛል?» አሉኝ። የሚያስቀው፣ አሁን ደንበኛ ሲደውል ስለ መስከረሙ አይጠይቀኝም። «ያ የሚያዝያው ላይ የቆመው ቀይ አበባ ምንድነው?» ነው የሚለው። በታኅሣሥ ለጥምቀት እንግዳ ይመጣብኛል ብሎ የሚቻኮል ሰው እንኳን፣ ከጥር 11 በኋላስ ግቢው ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ጀምሯል። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አላስታውስም።

እና ባለፈው ሳምንት እትዬ ራሳቸው አንድ ፎቶ ላኩልኝ። ፀሐይ ስትገባ አንስተውት ነው። ውጭ አገር ላለችው ልጃቸው የላኩት ነው፣ ለእኔ ኮፒው ነው የደረሰኝ። ዘምሟል፣ በረንዳው ወደ ግራ ተንሸራቷል። ቦገንቪላው አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት ተንጠልጥሏል፣ በርጩማቸው ጠጠሩ ላይ ነው፣ ስኒው በርጩማው ላይ፣ ጀሪካኑም እዚያው ቆሟል፣ እኔ ብሆን አነሳው ነበር። የላይኛው ጥግ በሙሉ ቡናማ ነገር ነው፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። አውራ ጣታቸው ነው።

አስፈቅጄ ለጠፍኩት፣ ሳልቆርጥ። እስከ ዛሬ ጠዋት አራት ሰው ደውሏል። አንዷ ስለ በርጩማው ነው የጠየቀችኝ።